የማን ልጅ ነህ? ባይተዋርነትና ቀለም በዲናው መንግሥቱ ልቦለድ ውስጥ

አማርኛ ብቻውን ለሆነ ሰው ሁለት ስም አለው። «ብቸኛ» የሚባለው ሰው የሌለው፣ ማታ ቤቱ ሲገባ «እንዴት ዋልክ» የሚለው ያጣ ነው። «ባይተዋር» የሚባለው ግን በሰው መሀል ተቀምጦ ብቻውን የሆነ ነው፤ ድግስ ቤት ገብቶ ጥግ የያዘ፣ የሚበላውና የሚጠጣው ያልጎደለበት፣ ነገር ግን ከታዳሚው መካከል የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው የሌለው እንግዳ። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚተርከው በእኛ ቋንቋ ባይተዋርነት የምንለውን ነው። መጽሐፉ በአሜሪካ የወጣበት ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰማይ የያዛቸው ውብ ነገሮች» እንደ ማለት ነው፤ በብሪታንያ ደግሞ «የአብዮቱ ልጆች» በሚል ርዕስ ታትሞ በዚያው ዓመት የጋርዲያን ጋዜጣን የመጀመሪያ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ገና በሁለት ዓመቱ ቀድሞ የተሰደደውን አባቱን ተከትሎ አሜሪካ በመግባት ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ በምትባል ከተማ ልጅነቱን የጀመረ ሰው ነው። ስለ ቀይ ሽብር ሲጽፍ በዓይኑ ያየውን ሳይሆን ቤተሰቡ በዝምታ ይዞት የተሻገረውን እየጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን መጽሐፍ አሁን እንደገና ለማንሳት ምክንያት አለ። ብቸኝነት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የገጣሚና የዘፋኝ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጤና ባለሥልጣናት ጉዳይ ሆኗል። በወቅቱ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም የነበሩት ቪቬክ መርቲ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ባወጡት ማሳሰቢያ ብቸኝነትን ወረርሽኝ ብለው ጠርተው፣ ከሰው መለየት በዕድሜ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር አነጻጽረውታል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጁን 2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱን ብቸኝነት እንደሚያጠቃውና በዓመት ከ871,000 በላይ የሚሆን ሞት ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። እንዲህ ያሉ ሰነዶች የሚያቀርቡት መፍትሔ በብዙው ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው፤ መናፈሻ መሥራት፣ ቤተ መጻሕፍት መክፈት፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዲተዋወቅ ማድረግ። በሐሳቡ የሚከራከር አይኖርም። ነገር ግን የዲናው ባለታሪክ ሴፋ እስጢፋኖስ፣ ስሙ ለሐበሻ ጆሮ ትንሽ እንግዳ ቢሆንም፣ እነዚህ ሁሉ አሉት። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚገባባትና የሚወጣባት ሱቅ አለችው፣ ሁለት የልብ ወዳጆች አሉት፣ የሚያስብለት አጎት አለው፣ በስሙ የሚጠሩት ጎረቤቶች አሉት። ታዲያ ምን ጎደለው?

ሴፋ ከአዲስ አበባ ከወጣ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖታል። የሚኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሎጋን ሰርክል በሚባለው ሰፈር ሲሆን፣ እዚያው አንዲት ግሮሰሪ ከፍቷል፤ ግሮሰሪ ስል በአዲስ አበባ ትርጉሙ መጠጥ ቤት ሳይሆን ወተት፣ ዳቦና ማስቲካ የሚሸጥባት የሸቀጥ ሱቅ ማለቴ ነው። ሱቋ እንዳትዘጋ ያህል እንጂ እንድትበለጽግ የሚጥር አይመስልም። አንዳንድ ቀን አርፍዶ ይከፍታል፣ መደርደሪያው አቧራ ይጠጣል። ማታ ማታ ከኮንጎ የመጣው ጆሴፍና ኬንያዊው ኬኔት ይመጡና ሦስቱ በጠርሙስ ዙሪያ ይቀመጣሉ። የተዋወቁት እንደ መጡ ሰሞን አንድ ሆቴል ውስጥ አብረው ሲሠሩ ነበር። አሁን ኬኔት መሐንዲስ ሆኗል፣ ጆሴፍ በአንድ ውድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነው። የሚጫወቱት ጨዋታ ካርታ ወይም ዳማ አይደለም፤ አንዱ የአንድ አፍሪካዊ አምባገነን ስም ይጠራል፣ ሌሎቹ አገሩንና ሥልጣን የያዘበትን ዓመት ይገምታሉ። ግድግዳው ላይ ያረጀ የአፍሪካ ካርታ ተሰቅሏል። የመፈንቅለ መንግሥቱ ብዛት ጨዋታው እንዳያልቅባቸው ያደርጋል።

አንባቢ እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም፤ ከሳቀ በኋላም ምን እንዳሳቀው ሲያስብ ይቀዘቅዛል። ሦስቱም አገራቸውን ያሳጣቸውን ነገር ወደ ጠረጴዛ ጨዋታ ለውጠውታል። የእያንዳንዱን አምባገነን ዓመተ ምሕረት በቃላቸው ይዘዋል፤ አንዱ የሌላውን ሐዘን ግን በሩቁ ይዞረዋል እንጂ አይነካውም። ወዳጅነታቸው እውነተኛ ነው፤ ጸንቶ የቆየውም በአለመጠያየቅ ነው። ግንኙነትን በቁጥር የሚለካ ጥናት ሴፋን ቢያገኘው «በሳምንት ስንት ጊዜ ከወዳጆችህ ጋር ትገናኛለህ» ብሎ ይጠይቀው፣ መልሱን ሰምቶም ጤናማ ነው ብሎ ይመዘግበው ነበር።

ቀለም ወደዚህ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። መጽሐፉ በቀጥታ ባይለውም ለአማርኛ አንባቢ ወዲያው የሚታይ ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» የሚሉት ቃላት እንደ ቁመትና እንደ ጠጉር የአንድን ሰው መልክ ለመንገር የሚያገለግሉ ናቸው፤ በአንድ ቤት የተወለዱ ወንድማማቾች ሦስቱም በሦስት ቀለም ሊጠሩ ይችላሉ። «ዘር» ስንል ደግሞ ስለ አጥንት፣ ስለ ጎሣ፣ ስለ አባትና አያት እየጠየቅን ነው። ይህን ስል የእኛ የቀለም ቃላት ንጹሕ ነበሩ ለማለት አይደለም። ባርነት በሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 እንደሆነና «ባሪያ» የሚለው ስድብ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ከአፍ እንዳልወጣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ አይመካም። ሆኖም ዋሽንግተን ሲደረስ ይህ ሁሉ ዝርዝር አየር ማረፊያ ላይ ይራገፋል። ቀዩም ጠይሙም አንድ ስም ይሰጠዋል፤ ስሙም የሚናገረው ስለ ፊቱ ሳይሆን እሱ ስላልነበረበት ታሪክ፣ ስለ ጥጥ እርሻና ስለ ተለያዩ የአውቶቡስ ወንበሮች ነው። ሴፋ የማያውቁት ነጮች ሲያዩት ጥቁር ነው፣ የሰፈሩ ጥቁሮች ሲያዩት ባዕድ ባለ ሱቅ ነው። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ሁለቱም ግን አላወቁትም።

ደራሲው ይህን የሚያስቀምጥበትን ቦታ በጥንቃቄ መርጧል። ሎጋን ሰርክል በስሙ የተጠራለት ጄኔራል ሐውልት በፈረስ ላይ ሆኖ መሀሉን የያዘበት፣ በዙሪያው በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት የተሠሩ ትላልቅ ቤቶች የቆሙበት አደባባይ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ሲገደሉ ቁጣው ካቃጠላቸው ጎዳናዎች አንዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቀው 14ኛው ጎዳና ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ያለው ወጣ፣ ቤቶቹ አረጁ፣ አደባባዩ የሴተኛ አዳሪዎችና የአደንዛዥ ዕፅ ስም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ግን ይህ ወደ 41 በመቶ ወርዷል። ልቦለዱ የሚያሳየው ይህ ማሽቆልቆል በአንድ ሰፈር እንዴት እንደጀመረ ነው። መጀመሪያ የአንድ ቤት መስኮት ይታደሳል፤ ቀጥሎ ኪራይ ይጨምራል፤ ቀጥሎ አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ቤተሰብ ፍራሽና ወንበር መንገድ ላይ ተደርድሮ ይገኛል። ቁጥሮቹን ማንም ሊያነብ ይችላል። ፍራሹን በዓይነ ኅሊና ማየት ግን ልቦለድ ይጠይቃል።

መስኮቷን ያሳደሰችው ጁዲት ናት፤ ነጭ ናት፣ የታሪክ ምሁር ናት፣ ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ቤት ገዝታ የገባችው ከሴፋ ጎን ነው። ልጇ ኔኦሚ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አባቷ የሞሪታንያ ሰው ነው። ከዚህ መጽሐፍ ደስታ የሚባል ነገር ከተገኘ የሚገኘው ኔኦሚ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ ሴፋ የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ጮክ ብሎ ሲያነብላት ነው። አንድ የአዲስ አበባ ስደተኛ የሩሲያን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ለአንዲት ከፊል አፍሪካዊት ልጅ በዋሽንግተን ክረምት ያነባል፤ የባለታሪኮቹን ድምፅ እየለዋወጠ፣ ገበያተኛ ሲገባ እያቋረጠ። በእነዚያ ገጾች ላይ ሴፋ ጥቁርም ባዕድም ባለ ሱቅም መሆኑ ይረሳል። አንባቢ ነው፣ የሚሰማውም አለ።

ከእናቲቱ ጋር ግን እንዲህ አይደለም። ጁዲት ክፉ ሰው አይደለችም፤ ዲናውም በእሷ ላይ ለመሳለቅ አይቸኩልም። እራት ትጋብዘዋለች፣ ታዋራዋለች፣ የመቀራረብ ምልክት ታሳያለች። ሆኖም ሴፋ በቤቷ ውስጥ ሲዘዋወር ዕቃዎቹን፣ ጣሪያውን፣ መጻሕፍቱን ያያል፤ ካየ በኋላም ስለ ራሱ ጠባብ ክፍል ሳያስብ አይችልም። እዚህ ላይ ቀለምና ገንዘብ ተለያይተው የማይነበቡ ሆነው ይመጣሉ። ወደኋላ ያስባለው ነጭነቷ ነው ወይስ ባለ አራት ፎቁ ቤት? እሱም አያውቀውም፤ ደራሲውም አይነግረንም፤ ባይነግረን መልካም አድርጓል። ቆይቶ የሰፈሩ ቁጣ መልክ ይይዛል። ጁዲት ላይ ጡብ ይወረወራል፣ በመጨረሻም ቤቷ ይቃጠላል። ሴፋ በሁለቱ መካከል ቆሞ ዝም ይላል። ለጎረቤቶቹ «እኔም እንደ እሷ ኋላ የመጣሁ ነኝ» ማለት ይችል ነበር፤ ለጁዲት «እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን እያጡ ነው» ማለት ይችል ነበር። ሁለቱንም ለማለት ግን «እኛ» ብሎ የሚነሣበት ወገን ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ ወገን የለውም።

ይህ ሁሉ ግን የባይተዋርነቱ አንድ ወገን ብቻ ነው። አንድ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም «አሜሪካ ዘረኛ ናት፣ ስደተኛ ይጎዳል» የሚል፣ እውነት ቢሆንም አዲስ ያልሆነ መደምደሚያ ይዞ ይቀራል። ሌላው ወገን ያለው አዲስ አበባ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ወታደሮች ወደነ ሴፋ ቤት ገብተው ሲፈትሹ በራሪ ወረቀት ያገኛሉ። ወረቀቱ የልጁ ነበር፤ አባት «የኔ ነው» አለ። ደብድበው ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ሴፋ ከአገር የወጣው እናቱንና ታናሽ ወንድሙን ትቶ፣ ይህንን ተሸክሞ ነው። የዚያን ዘመን ታሪክ በቤቱ የሰማ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክፍል ሲደርስ መጽሐፉን ለጥቂት ጊዜ አጥፎ ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ብዙ ቤት ውስጥ በአንዱ ፈንታ ሌላው የወጣበት፣ ከዚያም በኋላ በቤተሰቡ መካከል ስሙ የማይነሣ ሰው አለ።

የመጽሐፉ ቁልፍ እዚህ ይመስለኛል። በአገራችን አንድ እንግዳ ሰው ሲገጥመን የምናቀርበው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ» የሚል ነው። ጥያቄው አክብሮትም ምርመራም አለበት። መልሱ ከተገኘ ሰውየው ቦታ ያገኛል፣ ዘመድ ይወጣለታል፣ «አባትህንማ አውቀዋለሁ» የሚለው ይመጣል። ዋሽንግተን ውስጥ ሴፋን ይህን የሚጠይቀው የለም፤ ቀለሙን አይቶ መልሱን ያወቀ ይመስለዋል። ባይተዋር ያደረገው ይህ ነው። ነገር ግን ሴፋ በምድር ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚፈራው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የማን ልጅ እንደሆነ የተናገረ ዕለት በምን ምክንያት አባት እንዳጣ መናገር ይኖርበታል። ሰው ሳያውቀው ይቆስላል፣ ሰው እንዳያውቀው ይሸሻል። ከተማዋ ላታውቀው ፈርዳለች፣ እሱም ፍርዱን እንደ መጠለያ ይዞታል። ከዚህ ዓይነቱ ባይተዋርነት ሰውን መናፈሻ አያወጣውም።

ስለዚህም ነው የአጎቱ ሰፈር መድኃኒት የማይሆነው። አጎቱ ብርሃነ የሚኖሩት ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በሞሉት አንድ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያውቅ ሰው ሕንፃውን ለመገመት አይቸገርም። ቡና በየፎቁ ይቆላል፣ ወሬ ከአሳንሰሩ ቀድሞ ይደርሳል፣ ለቅሶም ክርስትናም ሳይታወቅ አያልፍም። እዚያ ሁሉም ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ሴፋ ስደቱን የጀመረው እዚያው ነበር፣ የሸሸውም ከዚያ ነው። ስደተኛ ሁሉ ወገኑ መሀል ሲኖር ከብቸኝነት ይድናል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ክፍል አይወደው ይሆናል። አጎት ብርሃነ ራሳቸው በአገራቸው ትልቅ ሰው የነበሩ፣ በአሜሪካ ደግሞ በጉልበት ሥራ ያረጁ ሰው ናቸው። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ስለ አገራቸው መከራ ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፤ የደብዳቤዎቹን ቅጂ ሴፋ ኋላ ተቀምጦ ያነባቸዋል። ቋንቋቸው በአክብሮት የታሸ፣ ለንጉሥ እንደሚቀርብ አቤቱታ ነው። አገር ቤት የሚያውቃቸው ቢሆን «አቤት» የሚላቸው ነበር። ደብዳቤዎቹን በሚያነብባቸው ገጾች ላይ ሴፋ አጎቱን ከመቼውም ይልቅ ቀርቦ ያገኛቸዋል፤ እሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ቤት አልነበሩም።

በአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ይህን መጽሐፍ ከአፍሪካ አሜሪካዊው ደራሲ ከራልፍ ኤሊሰን «የማይታየው ሰው» ከሚለው የ1952 (እ.ኤ.አ.) ልቦለድ አጠገብ ማስቀመጥ ያስተምራል። የኤሊሰን ባለታሪክ ለነጮች ብቻ በሚከራይ ሕንፃ ምድር ቤት ተደብቆ 1,369 አምፖሎች አብርቶ ይኖራል፤ ሰዎች ሊያዩት ስላልፈለጉ የማይታይ ሆኗልና ብርሃኑ መኖሩን ለራሱ የሚያረጋግጥበት ነው። ያ ሰው ይቆጣል፣ ይከራከራል፣ የሚናገረው ለአገሩ ነው፤ አገሩ ስለሆነችም ይከሳታል። ሴፋ ክስ የለውም። አሜሪካን ለመክሰስ አሜሪካዊ መሆን ያስፈልገዋል። የእሱ ሱቅ ያለ አንድ ሺህ አምፖል፣ በአንድ ደብዛዛ መብራት የሚመሽባት ናት። ልዩነቱን ማስተዋል ጠቃሚ ነው፤ በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊና አፍሪካ አሜሪካዊ አንድ ቀለም ተሰጥቷቸው አንድ ታሪክ ያልተካፈሉት ለምን እንደሆነ ከብዙ ክርክር ይልቅ በሁለቱ ክፍሎች መብራት ይታያል።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልልም። የሰፈሩ ነባር ጥቁር ነዋሪዎች በአብዛኛው በሴፋ መስኮት በኩል የሚያልፉ ናቸው፤ ቤታቸውን የሚያጡት እነሱ ሆነው ሳለ ውስጣቸው የሚገለጥልን የሱቁ ባለቤትና የአዲሷ ባለ ቤት ብቻ ነው። ይህን «ተራኪው ራሱ ስለማያውቃቸው ነው» ብሎ መከላከል ይቻላል፤ መከላከያው ግን ግማሽ ነው። ሌላው ሊነሣ የሚችለው ቅሬታ ነገር አይከሰትም የሚለው ነው። እውነትም ሴራው ትንሽ ነው። ይሁንና ልብ የሚሰብር መጽሐፍ ለምን እንደማይለቀን ለማብራራት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ትዝታ እየሰማ ያደገ፣ ሙሾ አውራጅ በለቅሶ መሀል ሰውን በግጥም ስታስደንቅ ያየ ሕዝብ፣ ሐዘን በልክ ሲነገር ጣዕም እንዳለው ያውቃል። ዲናው ልኩን ያውቃል። አይጮኽም፣ አያለቅስም፣ ጨለማው ሲበዛ ጆሴፍን ቀልድ ያናግረዋል።

ርዕሱም የመጣው ከዚያው ከጆሴፍ ነው። ጆሴፍ የጣሊያናዊውን ገጣሚ የዳንቴን የሲኦል ክፍል የመጨረሻ ስንኞች ይወዳል፤ ዳንቴ ከሲኦል ሲወጣ በአንዲት ክብ ቀዳዳ አሻግሮ ሰማይ የያዛቸውን ውብ ነገሮች ያያል፣ ከዚያም ወጥቶ ከዋክብትን ይመለከታል። ጆሴፍ ይህን ስለ አፍሪካ የተጻፈ አድርጎ ያነበዋል፤ እየኖሩት ያለው ሲኦል ነው፣ ውበቱ የሚታየው በቀዳዳ ነው። ኔኦሚ የምታዳምጥባቸው የክረምት ምሽቶች እንዲህ ያለ ቀዳዳ ናቸው ብዬ ባነብ ደራሲው የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

በመጽሐፉ አሁን ላይ፣ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ሴፋ ሱቁን እንዲለቅ ደብዳቤ ደርሶታል። አንድ ቀን ሁለት ጎብኚዎች ሱቁ ገብተው ሲወጡ እሱም በሩን እንደተከፈተ ትቶ ተከትሏቸው ይወጣል፤ ከዚያም ቀኑን ሙሉ በከተማዋ ሲዞር ይውላል። ሲመሽ ተመልሶ ከሩቅ ሆኖ ሱቁን ያየዋል። የአባቱ አባባል ትዝ ይለዋል፤ በሁለት ቅርንጫፍ መካከል የተያዘች ወፍ ሁለቱም ክንፎቿ ይነከሳሉ የሚል ነው። እሱም የራሱን ይጨምራል፤ በሁለት ዓለም መካከል የተያዘ ሰው ብቻውን ኖሮ ብቻውን ይሞታል ይላል፤ ተንጠልጥሎ መኖሩም እንደበቃው ለራሱ ይናገራል። አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን ተረት ማስታወሱ አይቀርም። ነገር ግን የእኛ ተረት የሚወቅሰው በገዛ ፈቃዱ ሁለቱንም ለመያዝ የተስገበገበውን ሰው ነው። የአባትየው ወፍ አልተስገበገበችም፤ ተይዛ ነው። ሴፋም ሁለቱን ዛፎች አልመረጠም። በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አባቱን ቀጥታ ያናገረውና የተናገረውን ቃል ያነሣው፣ የማን ልጅ እንደሆነም ማንም ሳይጠይቀው የመለሰው፣ ከመንገድ ማዶ ቆሞ በሩ ክፍት የሆነውን ሱቁን እያየ ነው።